ከስፒከሩ የጠፋው ጸናጽል

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያ ሥራዬ ትዊተር የምትባለውን ትንሿን ስፒከር ማበላሸት ነበር። ፍኖተ ሰላም ከጋሽ ደሴ የራዲዮና ቴፕ ጥገና ቤት ገብቼ ሰዓት ሳይሞላኝ፣ የደንበኛ ስፒከር ላይ ያለችውን ትንሿን ጉልላት በጣቴ ነካኋትና ጎደጎደች። ጋሽ ደሴ አልተቆጡም። ፕላስተር ለጥፈው ቀስ አድርገው ሳቧትና ተመለሰች። "ትልቁ ስፒከር ከበሮውን ያወጣል፤ ቀጭን ቀጭኑን የምታወጣው ይቺ ናት። በጣት አትነካም" አሉኝ።

ዛሬ ሱቁ የኔ ነው። ከቡሬም ከመራዊም አሮጌ የእንጨት ስፒከር ተሸክሞ የሚመጣ አይጠፋም። ትዊተሩን በቴስተር እለካለሁ፤ ስድስት ኦም ገደማ ካነበበ ሽቦው አልተቆረጠም፣ ደህና ነው እላለሁ። ቴስተሬን ከባለቤቴ የበለጠ አምነው ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

አንድ ቀን ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም፣ አንድ የአቋቋም መምህር አንድ ስፒከርና አንድ ካሴት ይዘው መጡ። ካሴቱ ላይ ያለው የሟች መምህራቸው ወረብ ነው። ለካሁት፤ ስድስት ኦም። አጫወትኩት፤ ዜማውም ከበሮውም ጥርት ብሎ ወጣ።

"ጸናጽሉ የለም እኮ፣ ልጄ" አሉ።

"የት ላይ ነበር የኔታ?"

"ከበሮው ሲመታ አብሮ ይገባ ነበር።"

ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። "የኔታ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። እንግዲህ ዕድሜም የራሱን ይወስዳል" አልኳቸው። በትሕትና የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

"እንግዲያስ እነሱ እውነታቸውን ነው" አሉ። "ተማሪዎቼ ጆሮዬ እንደ ደከመ ሲንሾካሾኩ ሰንብተዋል። ጸናጽል የማይሰማ ሰው አቋቋም አያስተምርም፤ ጉባኤውን ለሌላ አስረክባለሁ። ሳጥኑንም ካሴቱንም ለሚሰማ ሰው ስጥልኝ።" መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ምሳ አልበላልህ አለኝ። ተመልሼ ትዊተሩን ፈታሁና በቦታው ከሱቁ ጤነኛ ትዊተር አንዱን ገጠምኩ። ካሴቱን ሳስነሳው ጸናጽሉ ሱቁን ሞላው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የሰውየውን ጆሮ ገድዬ ልኬያቸዋለሁ።

የሳቸውን ትዊተር ከፈትኩት። ሽቦው ደህና ነው፤ ግን የሽቦው ጥቅልል የሚንቀሳቀስበት ቀጭን ክፍተት ውስጥ ከፋብሪካው የሚጨመረው ጥቁር ፈሳሽ እንደ ሬንጅ ደርቆ አንቆ ይዞታል። ቴስተሩ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ያልተባለውን የሰማሁ። ወረቀት አጥፌ አልኮል እየነከርኩ፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ክፍተቱን ጠረግሁት። ከፀጉር የቀጠነችው ሽቦ ብትበጠስ መለዋወጫ የላትምና ትንፋሼን ይዤ ነበር የምሠራው። አዲስ ፈሳሽ እኛ ዘንድ አይገኝም፤ ክፍተቱን ያለ ፈሳሽ ትቼ ትዊተሩን መልሼ ገጠምኩት። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ስለሚሞቅ ድምፁን ብዙ መክፈት አይገባም።

በማግስቱ በሚኒባስ ገበዝ ማርያም ገባሁ። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው የስንብት ቃል ሊናገሩ ነበር የደረስኩት። ይቅርታ ጠየቅሁና ስፒከሩን ከቴፓቸው ጋር አገናኝቼ ካሴቱን ለቀቅሁት።

ከበሮው ሲመታ የኔታ ባዶ እጃቸው ተነሣ፣ ጸናጽል የያዘ ይመስል ከዜማው ጋር ይወዛወዝ ጀመር። ጥቂት እንደ ቆየ "አቁመው" አሉኝ። "አሁን ከጸናጽሎቹ አንዱ ዘግይቶ መታ፤ ሰማችሁ?"

ከተማሪዎቹ አንድም የሰማ አልነበረም። እኔም አልሰማሁም። መልሼ አጫወትኩት። በሦስተኛው አንዲት ጸናጽል ከሌሎቹ ኋላ ስትገባ ለየኋት።

"እሱ እኔ ነበርኩ" አሉ የኔታ፣ እየሳቁ። "መምህሬ በዚያች ምሽት ምን እንዳሉኝ አልነግራችሁም። በሉ፣ ነገ በጠዋት ጸናጽላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ዘግይቶ የሚመታ ካለ እሰማዋለሁ።"

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህ ነው። ቴስተር ሽቦ መቆረጡን ይናገራል እንጂ ድምፅ መኖሩን አይናገርም። ደንበኛ አይሰማኝም ካለ ዕቃውን ፍቱት።