የምድጃችን አመድ

ለትምህርት በመጣሁበት ህንድ፣ ባሕሩ ዳር ካለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ፊት አንዲት ሴት የተቃጠለ የባሏን አስከሬን አመድ ከማሰሮ ውኃው ላይ ስትበትን ነፋሱ ጥቂቱን አፌ ውስጥ ከተተው። ያደግሁባት ነቀምቴ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ ተከራያችን የነበረችው ህንዳዊት አስተማሪ የሟች ባሏን አመድ በመዳብ ማሰሮ አስቀምጣ፣ ወደዚህ ባሕር የምታመጣበትን ክረምት ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እሷ ትምህርት ቤት ሳለች እናቴ ክፍሏ ገብታ ማሰሮውን አወጣችና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠችው።

«እማዬ፣ የቲቸር ነው እኮ!»

«ሬሳ በግቢዬ አላሳድርም!» አለችኝና ከምድጃችን አመድ ዝቃ ሞላችው። አመድ እንዴት ሬሳ እንደሚሆን አልገባኝም።

የመሄጃዋ ቀን አስተማሪዋ ማሰሮውን አቅፋ «ገለቶማ» ብላ ስታመሰግናት፣ እናቴ ጉንጯን ስማ «በሰላም ያድርስልሽ» አለቻት።

ከፊቴ ያለችው ሴት አሁን ባዶ ማሰሮዋን ታቅፋ ታለቅሳለች። ያቺ አስተማሪም እዚሁ ቆማ ለምድጃችን አመድ አልቅሳለች።