ዑደቱን በቃሉ የሚያውቀው ነርስ

ነርስ ምንዋጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰቆጣ ገበያ ሙዝ ይገዛና ወደ የኔታ ገብረ አምላክ ቤት ይወጣል። ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ፤ ዳገቱን ወሬ ያሳጥረዋል።

«ኮሌጅ እያለሁ የሲትሪክ አሲድን ዑደት እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ፣ በፈተናው ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«አውድማ በለው። የበላነው ስኳር በየሴላችን ውስጥ ተሰባብሮ ወደ አውድማው ይገባል። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ በየዙሩ ጉልበት ይገኛል፣ ገለባው በትንፋሻችን ይወጣል። ከዚያ ከተነሡበት ተመልሰው ሌላ ነዶ ይጠብቃሉ። በሩን የሚከፍተው ግን ቫይታሚን ቢ ዋን ነው። እሱ ከሌለ ነዶው ደጅ ተከምሮ ይቀራል። ቀድሞ የሚጎዳው አንጎል ነው።»

ከዚያ የኔታ ላይ የደረሰውን አወጋኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሁዳዴ፣ የኔታን ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል በቃሬዛ አመጧቸው። ወር ሙሉ ሲያስመልሳቸው ከርሟል፤ ጾሙንም አላቋረጡም። ተረኛው ምንዋጋው ነበር። መምህሩን እንዲያ ከስተው ሲያይ ደንግጦ ግሉኮስ፣ ያንኑ ስኳር በውኃ፣ ሰቀለላቸው። በትውከቱና በጾሙ ያለቀባቸው፣ ከስኳሩ መቅደም የነበረበት ቢ ዋን ከኋላው መደርደሪያ ላይ ነበር።

«አመሻሹ ላይ ነቃ አሉ» አለኝ። «‹በክንድ የገባ ጾም ያፈርሳል እንዴ?› ብለው አሳቁን። በማግስቱ ዓይናቸው ዋለለ፣ እግራቸው ከዳቸው። መድኃኒቱ ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ሰጠኋቸው፤ መራመዱ ተመለሰ። የድሮውን ያስታውሳሉ፤ አዲስ ነገር ግን አይዙም። ይቅር እንዲሉኝ ነው የምመላለሰው።»

የኔታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ አንዲት ቃል አይስቱም።

«ምንዋጋው! የት ጠፍተህ ከረምክ? ተምረህ ምን ሆንክ?»

«ነርስ፣ የኔታ።»

«እሰይ! እጅህ መድኃኒት ይሁን!»

ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «የኔታ፣ ለዚህ ያበቃሁዎት እኔ ነኝ» ብሎ ሁሉንም ነገራቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት።

«አውቀህ አላደረግከውም። እግዜር ይቅር ይበልህ፣ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። በል ተነሥ።»

ዓይኑን ጠርጎ ሙዝ ላጠላቸው። ሙዙን ሳይጨርሱ ቀና አሉ፤ ፊታቸው በራ።

«ምንዋጋው! የት ጠፍተህ ከረምክ? ተምረህ ምን ሆንክ?»

«ነርስ፣ የኔታ።»

«እሰይ! እጅህ መድኃኒት ይሁን!»

«አሜን» አለ ምንዋጋው፤ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።