የአባቴ እድርና የአሜሪካኖቹ ፕሬዚዳንት

በክረምት ወዳደግኩበት ቡራዩ ስሄድ የረጠበ ሸራ ሽታ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ አፍንጫዬን ከመታው አበቃልኝ፤ አባቴ ትዝ ይለኛል፣ ከሱ ጋር ደግሞ አሜሪካኖቹ።

አባቴ የታሪክ መምህር ነበር፣ የሰፈሩ እድር ሊቀ መንበርም። በበጋ እሑድ እሑድ ምሳ ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን ስንጠብቅ፣ እሱ አሜሪካኖቹ እንግሊዝን አባረው አገር ሲመሠርቱ፣ ቆይተው ከእንግሊዝ ጋር እንደገና ሲዋጉ፣ ዋና ከተማቸው ተቃጥሎ ከዚያ በኋላ «አንድ ሕዝብ ነን» ማለት ሲያበዙ እየተረከ ወጡን ያቀዘቅዘው ነበር። ከሁሉም የሚወደው ግን የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንታቸውን ነበር፤ ሁለት ዙር ገዝቶ፣ ማንም ሳያስገድደው በቃኝ ብሎ እርሻው የገባውን። እናቴ፣ «አንተስ ከእድሩ መቼ ነው የምትወርደው?» ትለው ነበር። «እድሩ ገና አልጸናም!» ብሎ ይቆጣል። እኔ ሳልወለድ ለሊቀ መንበርነት የተመረጠ ሰው ነው እኮ!

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በበልግ፣ ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በስብሰባ መሀል ተነሥተው፣ «እኛም አዲስ ሊቀ መንበር እንምረጥ እንጂ፤ ቃለ ጉባኤውም በኦሮምኛ ጭምር ይነበብ» አሉ። አባቴ «ከፋፋይ» ብሏቸው አረፈ። እድሩ ለሁለት ተሰነጠቀና ንብረት ሲካፈሉ፣ ሁሉም እልኸኛ ስለነበር፣ የድንኳኑ ሸራ ለእኛ፣ የብረት ቋሚው ለኦቦ ቶሎሳ ወገን ደረሰ። ይህን ያደረጉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲያይል አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ አረፉ። ለቀስተኛው ግቢያችን ጭቃ ላይ ቆሞ ሲበሰብስ አባቴ ሸራውን ታቅፎ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እናቴ «ሂድና ቋሚውን ለምን» ብትለው፣ እናቱ ሞተውበት እንኳ፣ «አልለምንም» አለ። ልጮህበት ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ኦቦ ቶሎሳ ከልጃቸው ጋር ቋሚውን ተሸክመው፣ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ገቡ።

«ጀባዻ መምህር፣ አይዞዎት። ሸራውን ያምጡ፤ እናትዎ እንዲህ በዝናብ አይለቀሱም።»

አባቴ ሸራውን ሰጥቶ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በአርባው ሁለቱን እድሮች ሰብስቦ «በቃኝ» አለና፣ እርሻ ስላልነበረው ጓሯችን ጎመን ተከለ።

አሁን ቡራዩ ድንኳን በስልክ ይታዘዛል፤ ሸራውም ቋሚውም ወንበሩም በአንድ መኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ማንም የማንንም ደጅ አይጠናም። ባለፈው ክረምት አባቴን ስንቀብር የማላውቃቸው ልጆች ድንኳኑን ተክለው ሄዱ። የኦቦ ቶሎሳም ልጅ መጥቶ ነበር፤ የሚሸከመው ነገር አጥቶ፣ ባዶ እጁን በር ላይ ቆሟል።