ሳትቀንሺ ንገሪው

አክስቴ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። ከተናገሩት ላይ ሳሳጥር ይነቁብኛል፤ «ሳትቀንሺ ንገሪው» ይሉኛል።

የጉልበታቸው ሎሚ ከመስመሩ ወደ ጎን እየሸሸ ለዓመታት አሠቃይቷቸዋል። ስዊድን አገር ሁዲንጌ ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ወደ ቦታው ሊመልሰው ያሰበው ሐኪም፣ «ሲድኑ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መስገድ» አሉ። «በስቅለት፣ ግንባሬ መሬት እስኪነካ፣ ቀኑን ሙሉ።»

እኔ አፍሬ «ደረጃ መውጣት» ብዬ ተረጎምኩ። ደረጃ በስዊድንኛ «ትራፓ» ነው። ሃሉንዳ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ስለነበር ይህችን ቃል በደንብ ያውቋታል።

«ስለ ደረጃ መቼ አወራሁ?» አሉ ቆጣ ብለው። «ሳትቀንሺ ንገሪው።»

ነገርኩት፤ አልገባውም። ስለዚህ ካፖርቴን አውልቄ ክፍሉ ወለል ላይ ሰግጄ አሳየሁት። ሐኪሙ አየኝና «ብዙ ልምምድ ይጠይቃል» አለ።

አክስቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጥርሳቸውን ነክሰው ጉልበታቸውን በየቀኑ እያጠፉ ተለማመዱ። በዓመቱ ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኔ ቆመው እስከ ማታ ሰገዱ።

አሁን ዐርፈዋል። ዘንድሮ በስቅለት አብረውን የሚሰግዱት ሴቶች የአክስቴን ቦታ ሳይዙት ክፍት ተዉት። ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ ልቀመጥ ስል ዓይኔ እዚያ ባዶ ምንጣፍ ላይ ዐረፈ።

ሳልቀንስ ሰገድኩ።