ፒኖክ ከደብዳቤው አናት ላይ የጻፈው

ያን ሐሙስ ኤግበርት ፒኖክ ወንበሩ ላይ መርጋት አቃተው። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናውን ገልጦ ይቀመጣል፤ ወዲያው ተነሥቶ መንገዱን ያያል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። አጠገቡ የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጠው ዶርካስ «ምን ሆንክ? ጉንዳን ገባብህ እንዴ?» ብትለው፣ እንደገና ተነሥቶ መንገዱን አየ።

በዚህች የጃማይካ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተከፈለው የሰውን ጠብና ጉዳይ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። በወጣትነቱ የጠበቃ ቢሮ ተላላኪ ሳለ፣ በብዙ ደብዳቤ አናት ላይ «መብት ሳይነካ» የሚል በትልልቁ ተጽፎ ያይ ነበር። ለምን እንደሚጻፍ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ግርማው በቃው። ስለዚህ በሚጽፈው ሁሉ ላይ ይጭነዋል፤ ልጅ ታሞ ከትምህርት ቤት ሲቀር በሚጻፈው ላይ ሳይቀር፤ አንድ ጊዜማ በፍቅር ደብዳቤ ላይ። ደንበኞቹም ወደዱለት። «ያቺን ከባዷን እንዳትረሳ!» ይሉታል።

ማክሰኞ ዕለት ግን አንዲት ወጣት ጠበቃ በትከሻው ላይ አሻግራ አንብባ ሳቀች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ለእርቅ ድርድር ነው የሚጻፈው። ይሄ ያለበት የእርቅ ደብዳቤ ማስረጃ ሆኖ ዳኛ ፊት አይቀርብም። ሰው ሳይፈራ እንዲታረቅ ተብሎ ነው።»

ፒኖክ አብሯት ሳቀ። ስትሄድ ግን ሚስ አይሲልዳ ትዝ አሉት።

ሚስ አይሲልዳ ሰባ ዓመት ያለፋቸው መበለት ናቸው። ጎረቤታቸው ሌስተር ቡዝ አጥሩን ገፍቶ ግቢያቸውን ቆርሶ ወሰደ፤ በግቢው ዳር ያለው የእናታቸው መቃብርም ከአጥሩ ማዶ ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት ሌስተር ራሱ ፒኖክ ዘንድ መጥቶ፣ «አጥሬ ቦታዎ ውስጥ ገብቷል፤ ምርቴን ልሰብስብና እመልሰዋለሁ፤ እንታረቅ» ብሎ አስጽፎላቸው ነበር። ፒኖክም እንደ ልማዱ ከባዷን አናቱ ላይ አስቀመጠ። አሁን ሌስተር ክዷል፤ ችሎቱም ዛሬ፣ ሐሙስ፣ ነው።

ሚስ አይሲልዳ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ቦርሳቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ «ፒኖክ፣ ያ ቀጣፊ ዛሬ የት ይገባ ይሆን! ደብዳቤው እጄ ላይ ነው» አሉት።

«አጥሩ ሲገፋ ያዩትን ፓስተርም ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነበር፣ ሚስ አይሲ።»

«ምን በወጣቸው! አንተ የጻፍከው እያለ?»

ፒኖክ የጽሕፈት መኪናውን ከደነ። እውነቱን ቢናገር የሃያ ሁለት ዓመት ስሙ በአንድ ጠዋት ገደል ሊገባ ነው። ምናልባት የሌስተር ጠበቃ ልብ አይለው ይሆናል ብሎ ራሱን ደለለ። ችሎት ውስጥም ከኋላ ተቀምጦ እግሩ አላርፍ አለው።

ጠበቃው ግን ገና ወረቀቱን ሲያየው ተነሥቶ ተቃወመ። ዳኛዋም አናቱን አይታ፣ ቀሪውን ሳታነብ አጥፋ መለሰችላቸው። «ሌላ ማስረጃ አለዎት?» ስትላቸው ሚስ አይሲልዳ ዞረው ፒኖክን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከቀትር በፊት ለሌስተር ተፈረደለት።

ሚስ አይሲልዳ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ታውቅ ነበር?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ፣ ሚስ አይሲ።»

«ከማክሰኞ! ፓስተሩ እኮ ቤታቸው ነበሩ። በቃሬዛ አሸክሜም ቢሆን አመጣቸው ነበር!»

ፒኖክ በራሱ አፈረ።

ሚስ አይሲልዳ አልተሳደቡም። መንገዱን ተሻግረው የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና «ጻፍ» አሉት። «ለሚስተር ሌስተር ቡዝ። እንደ አገራችን ልማድ ለገና የእናቴን መቃብር ኖራ ለመቀባት ወደ ግቢዎ እንድገባ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።»

«ወደ ግቢዎ» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ።

«ጻፍ እንጂ! የሱ ሆኗል አይደል?»

ጻፈው። ፈርመው ሲነሡ እሱም ተነሣ።

«እኔ ላድርስልዎ፣ ሚስ አይሲ።»

«አንተ ተቀመጥ» አሉት። «እኔው ሄጄ እለምነዋለሁ።»