ጉም ውስጥ የተመታው ብረት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ ከሱዳን አትላንታ ከገባን ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው ብርድ፣ እሱ ተምታቶብኛል። ጉሙን ግን አልረሳውም። ዛሬም ጠዋት ተነስቼ መስኮቱን ነጭ ሆኖ ሳገኘው ጆሮዬ በራሱ አንድ ድምፅ ይፈልጋል።

የምኖረው ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሊቶኒያ፣ ልጄ አስቴር ዘንድ ነበር። እሷ ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች፤ የምትመለሰው ጠዋት ነው። እኔ እንግሊዝኛ የሚባል አልነበረኝም። ሁልጊዜ ስትወጣ ታስጠነቅቀኛለች።

«አባባ፣ ከሰፈር እንዳይወጡ። እዚህ ሁሉም ድራይቭ ነው የሚያደርገው፣ በእግር የሚሄድ የለም። ቢጠፉ ማንን ይጠይቃሉ?»

እሺ እላለሁ። ግን ሊቶኒያ ግራጫ ድንጋይ እየፈለጡ የሚኖሩ ሰዎች ያቆሟት ከተማ ናት። ድንጋዩ እየተፈለጠ የተቆረጠውን ገደል መኪና ውስጥ ሆኜ ከሩቅ አይቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ጉልበቴን የጨረስኩት በአገራችን ደቡብ ምዕራብ፣ አኮቦ ወንዝ አካባቢ ባለች የወርቅ ከተማ ነው። ከተማ ስላት የሣርና የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቀን ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ፣ ማታ ሁሉም ጠጅ ቤት። እንዲህ የኖረ ሰው ሌላው እንዴት እንደሚቆፍር ማየት ያምረዋል።

አንድ ጠዋት ወጣሁ። ስነሳ ጉሙ ስስ ነበር። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ወረደና ቤቶቹን አንድ በአንድ ወሰዳቸው። ከጥዶቹ ግንዳቸው ብቻ ቀረ፣ ቀጥሎ እሱም ሄደ። የገዛ እግሬን እንደ ሌላ ሰው እግር አየው ጀመር። መንገዱ እንደጠፋኝ አውቄያለሁ፤ ግን ነገሩ ሕልም ሕልም ይለኛል።

ከዚያ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። በእኛ አገር መንገድ የጠፋው የውሃ ድምፅ ይከተላል፤ ውሃ ካለ ወርቅ አጣቢ አለ፣ አጣቢ ካለ እሳትም አለ። ወደ ውሃው ሄድኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ጮኸ። ከግቢዬ ውጣ የሚለኝ መሰለኝና እርምጃዬን ጨመርኩ።

ያኔ ነው ብረት የተመታው። ቃ አለ። ዝም አለ። ደግሞ ቃ።

ይህን ልንገራችሁ። እኛ ጋ አፈሩ መሰንጠቅ ሲጀምር ማንም አይጮህም፤ ጩኸትማ ቀኑን ሙሉ አለ፣ ማን ይሰማዋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆመው ጠባቂ አካፋውን በድንጋይ ይመታል። ያን ጊዜ ታች ያለው ይወጣል፤ ላይ የሚራመደው ግን ባለበት ይቆማል፣ የእግሩ ክብደት አፈሩን ታች ባሉት ላይ ይንደዋልና። እግሩን አንስቶ ከሆነም እንዳነሳ ይጠብቃል። ታናሽ ወንድሜ በሕይወት የወጣው ላይ ያሉት እንዲህ ስለቆሙለት ነው።

እኔም ቀጥ አልኩ። አሜሪካ መሆኔን ረስቼ የወንድሜን ስም የጠራሁ ይመስለኛል።

ብረቱ እየተመታ እየቀረበ መጣ። ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል ከጫማዬ ፊት መሬት የለም። ታች፣ በጣም ታች፣ ጥቁር ውሃ ተኝቷል።

ፀጉሩ የነጣ አንድ ጥቁር ሽማግሌ መዶሻና መሮ ይዞ እያነከሰ ደረሰ። መዶሻውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ መለሰኝ። ወስዶም በረንዳው ላይ አስቀመጠኝ፣ ብርድ ልብስ ደረበልኝ። አስቴር ከሥራ ገብታ ስታጣኝ ሰፈሩን በመኪና ስትዞር እዚያ አገኘችን። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

እሷ አስተረጎመችን። ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን እዚያው ገደል ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ነው። ድሮ ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት ብረት ይመታ ነበር፤ የሰማ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ሲጮህ አልቆምኩለትም፣ ጉልበቱ አያስሮጠው፣ ሌላ ነገር ስላልመጣለት መዶሻውን አንስቶ መሮውን መታ።

«እርስዎስ ይህን ከየት ያውቁታል?» ብሎ አስጠየቀኝ።

የወንድሜን ነገር ነገርኩት። እሱም «ብረቱ ተመትቶ ያልቆመ አንድ ጓደኛ ነበረኝ» አለ።

መኪና ውስጥ ልጄ፣ «አባባ፣ አሜሪካ ድረስ መጥተው ጉድጓድ ፍለጋ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው።

ሽማግሌው ካረፈ ቆይቷል። አሁን ጉም አያስፈራኝም። በሩ ላይ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ፤ ጉሙ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። የሽማግሌውን ስም አፌ እስኪለምደው ልጄ ደጋግማ አስጠንታኛለች፣ በጸሎቴም አነሳዋለሁ። ሚስተር ኧርል ይባላል።