የእናቷ ዓይን በገቢ መዝገብ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ዝርዝሩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ወፍጮዋ» ናት፤ የሰጧትን ሳትመርጥ ትፈጫለች። መዝገብ ቤቱ ድሮ ሦስት ሠራተኛ ነበረው። አንዷ ጡረታ ወጣች፣ አንዱ ተዛወረ፣ ወፍጮዋ ቀረች። ኃላፊው «በቅርቡ እንቀጥራለን» ካሉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በዚህ ፍጥነታቸው የሚቀጠሩት ገና አልተወለዱም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ «ገቢ» የሚል ማኅተም ይመታበታል፣ ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ ወደ ኃላፊው ይሄዳል። ጣጣው ማባሪያ የለውም እንጂ። ደግሞ ሁሉም አስቸኳይ ነው። ሁሉም አስቸኳይ ሲሆን «በጣም አስቸኳይ» ተፈለሰፈ፤ እሱም ሲረክስ አንዱ ክፍል በቀይ እስክሪብቶ «እስከ ዛሬ ከመጡት ሁሉ የባሰ» ብሎ ላከ።

ወፍጮዋ ታዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ምሳ ስትበላ ቀኝ እጇ ሳታዝዘው ማኅተም እንደሚመታ ሁሉ ጠረጴዛውን ይደበድባል። «ምነው፣ ዳቦውንም ልትመዘግቢው ነው?» ይሏታል። ትስቃለች። መሳቁም አንድ ተጨማሪ ሥራ ሆኖባታል።

የእናቷ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው የግራው ነው፤ እሱንም ሞራ ሸፍኖታል። ቀዶ ሐኪሙ በሦስት ወር አንዴ ነው ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው፤ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ የእናቷ ተራ ነው። ጎረቤት እናትየውን ይዛ እንድትሄድ፣ ወፍጮዋ ደግሞ የሐኪሙን ማስተላለፊያ ወረቀት ቢሮ ኮፒ አድርጋ እንድትደርስ ተስማሙ።

«ወረቀቱን እንዳትረሺ፣ ልጄ» አሏት እናቷ።

«እማዬ ደግሞ! እኔ ወረቀት ረስቼ አውቃለሁ?»

ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችው። አምስት ሰው አንድ ላይ ገባ፣ ሁለት ስልክ ጮኸ፤ እሷም አንገቷን ደፍታ መፍጨት ጀመረች። ስድስት ሰዓት ላይ ቀና ስትል ወረቀቱ የለም። መሳቢያዋን ገለበጠች፣ ቦርሳዋን አራገፈች። በመጨረሻ መዝገቡን ገለጠች፤ በገዛ እጅ ጽሑፏ እንዲህ ሰፍሯል፦ «ገቢ ቁጥር 2148። ጉዳዩ፦ የግራ ዓይን ሞራ ማስወገድ። አስቸኳይ።»

መቼ እንደጻፈችው አታስታውስም።

ወደ ኃላፊው ሮጠች። ኃላፊው እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ መርተውበታል፤ «ለጥገና ክፍል፦ ተጣርቶ በሦስት ቀን ሪፖርት ይቅረብ።» ወደ ጥገና ክፍል ወረደች።

«እሱማ ሄደ» አላት የጥገናው ሹም። «ዕቃው መጋዘን ውስጥ ስለሌለ ይገዛ ብዬ ለግዥ መራሁት።»

«የእናቴ ዓይን እኮ ነው!»

ሹሙ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «በሞትኩት። እኔ የግራው በር ካሜራ መስሎኝ። ወፍጮዬ፣ ከአንቺ ዘንድ የመጣ ወረቀት ይሳሳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

የግዥው ባለሙያ ቢሮውን ቆልፎ ምሳ ወጥቷል። ስልኩ አይነሳም። ወፍጮዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የተቆለፈውን በር ስታይ፣ ያለፈው ያገደመው ሁሉ «እዚህ ካለሽማ ይቺን ያዢልኝ» እያለ ፋይል ያስታቅፋት ነበር። እሷም ተቀበለች። ሰውየው ጥርሱን እየጎረጎረ ሲመለስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

ወረቀቱን ተቀብላ ሆስፒታል ስትደርስ እናቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።

ነርሷ ወረቀቱ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ማኅተሞች አየች፤ አልሳቀችም። «እህቴ፣ ያለ ወረቀት ማስገባት ስለማንችል ተራቸውን ለሌላ ሰጠን። ሐኪሙም ወጥቷል። ከሦስት ወር በኋላ አምጫቸው።»

«ዓይኑ እስከዚያ ይቆያል?»

«እንግዲህ እሱን ቃል አልገባልሽም።»

ወፍጮዋ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ምን ብላ እንደምትጀምር ስታስብ እናትየው ቀደሟት።

«ሥራ በዝቶብሽ ነው፤ አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ወረቀቱንም ለጎረቤታችን እሰጣለሁ፤ አንቺን አላስቸግርም።»

ቁጣ የለበትም፤ የጎዳትም ይኼው ነው። እናቷ ተስፋ የሚያደርጉባቸውን ሰዎች ቆጥረው እሷን አውጥተዋታል።

«እኔ ነኝ የማመጣሽ» አለች።

እናትየው እጇን መታ መታ አደረጉላት፤ ለሕፃን እንደሚደረገው።

በማግሥቱ ኃላፊው ፊት ቆመች። «የሦስት ሰው ሥራ ከእንግዲህ አልችልም። የምችለውን ያህል ሠርቼ፣ ሰዓቴ ሲደርስ እወጣለሁ። እናቴ የሐኪም ቀጠሮ ባላት ቀን ደግሞ አልገባም።»

ኃላፊው ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። «ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊና በመዝገብ ቤት በኩል ይቅረብ።»

«መዝገብ ቤቱ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ ይደርሰኛላ።»

ጻፈችው፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ላከችው። ያን ቀን ከመጣው መቶ አርባ ደብዳቤ እያንዳንዱን እያነበበች ሃምሳ ሁለቱን መዘገበች። ሌላው ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ቀረ። ሰዎች በሩ ላይ እየቆሙ «ወፍጮዋ አሟታል እንዴ?» ይባባላሉ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቦርሳዋን አነሳች። ከኃላፊው መልስ አልመጣም፤ ደረጃውን ስትወርድ ነገ ሥራ ይኑራት አይኑራት አታውቅም።